በሸህ አሕመድኑር ስም የገባው ዋይፋይ

ዋይፋዩ ሸህ አሕመድኑር ቤት የገባው ለቁርኣን ተብሎ ነው። ሸሁ መካነ ሰላም ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ቁርኣን ሲያቀሩ፣ ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ካቀሯቸው ልጆች ግማሾቹ ዛሬ ሪያድና ኩዌት ናቸው፤ እዚያው ወልደው ከብደዋል። ታዲያ በየጊዜው እየደወሉ፣ «ሸኽዬ፣ ልጆቻችን ቁርኣኑን በእርስዎ አፍ ካልቀሩ ደስ አይለንም» ይሏቸው ነበር። ሸሁ በመጨረሻ እሺ አሉ። አንዱ ተማሪያቸው ከሪያድ ታብሌት ላከላቸው፤ እሳቸውም ከአስር ሶላት በኋላ ታብሌቷን ግድግዳ አስደግፈው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ባሕር ማዶ ያሉትን ስምንት ሕፃናት ማቅራት ጀመሩ። የሞባይሉ ዳታ ግን በየአንቀጹ ይቆራረጣል። ሕፃናቱ «ሸኽዬ ቆሙ! ሸኽዬ ደረቁ!» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ያን ሰሞን አንድ የግል የኢንተርኔት ድርጅት ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ማማ ተክሎ ለየቤቱ ዋይፋይ ማስገባት ጀመረ። የድርጅቱን ስም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «የማማው» ነው የሚለው። ሠራተኞቹ መጥተው ገመዱን ዘረጉ፤ ሦስት ገጽ ወረቀት አውጥተው «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋም፣ እዚህም» እያሉ ሸሁን አስፈረሙ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፊደሉም እንደ ጤፍ የደቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃናቱ «ሸኽዬ ደረቁ» ማለታቸውን ተዉ። የቤቱ ስልክ ሁሉ በዚያው በሸሁ ዋይፋይ ላይ ተሰካ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ሲከፈት የድርጅቱ ገጽ ይመጣል፦ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰላምታ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ማስታወቂያ። ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ፈትሂያ የሸሁ ምራት ናት፤ የልጃቸው የጀላል ሚስት። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ነው የመጣችው። ያኔ በሰው ቤት ሳለች፣ ማዳሟ በየሐሙሱ ስልኳን ተቀብላ ማን ጋ እንደደወለች፣ ምን እንዳየች፣ ለእናቷ ምን ብላ እንደጻፈች አንድ በአንድ ትመረምር ነበር። ፈትሂያ እጆቿን አጣምራ ቆማ ትጠብቃለች። የሥራው ድካም ቀስ በቀስ ተረሳት፤ ያ መቆም ግን አልተረሳትም። አገሯ ስትገባ በሠራችበት ገንዘብ ገበያው መሀል የአባያና የጨርቅ ሱቅ ከፈተች፤ ጀላልን አገባች። ስልኳን ግን ባሏም ቢሆን «አንድ ጊዜ ልየው» ብሎ አያነሣውም። ጀላልም ነገሩን ስለሚያውቅ አይጠይቅም።

ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ልጅ አልመጣም። ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር ማንም ትንፍሽ አይልም። ሸሁ «አላህ በፈለገው ቀን ይሰጣል» ብለው ወሬውን ገና ሳይጀመር ዘግተውታል። የዘመድ ሴቶች ሲመጡም ዓይናቸው ከፈትሂያ ሆድ ላይ እንዳይውል እሳቸው ቶሎ ሌላ ጨዋታ ያነሣሉ። ፈትሂያ ግን ማወቅ ፈለገች። ደሴ ያለ አንድ የሴቶች ክሊኒክ በአማርኛ የሚጽፍበት ገጽ አገኘችና፣ ለምሳ ሱቋን ዘግታ ቤት ስትገባ መኝታ ቤቷ ተቀምጣ አራት ቀን በተከታታይ አነበበች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ በሚቀጥለው ወር ለዕቃ ደሴ ስትወርድ ትታያለች፤ ሐኪሙ ያለውን ይዛ ትመጣለች፤ ከዚያ ለጀላል ራሷ ትነግረዋለች። እንዴት ብላ እንደምትጀምርለት ሳይቀር አስባ ነበር።

ሐሙስ ቀን ሁሉም ለምሳ ቤት ነበሩ። ጀላል ሚኒባሱን ለሰርቪስ ጋራዥ አስገብቶ ስለነበር ከወትሮው በተለየ አብሯቸው ቀርቧል። የሸሁ የመጨረሻ ልጅ ራሕማም ከትምህርት ቤት መጥታለች፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሷና ፈትሂያ ናቸው፤ የሸሁ ባለቤት ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል።

የሸሁ ስልክ ጢው አለ። ሸሁ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ስላልነበረ ስልኩን ለራሕማ አቀበሏት።

«ከልጆቹ ወላጆች ይሆናል። እስቲ አንብቢልኝ።»

ራሕማ አፏ ውስጥ ያለውን ጉርሻ እየዋጠች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ውድ ደንበኛችን ሸህ አሕመድኑር፣ በቤትዎ ልጅ ለማግኘት ለዘገዩ ጥንዶች፣ ደሴ የሚገኘው የሴቶች...»

ድምፅዋ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

ጀላል ያነሣውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ፈትሂያ ፊቷ ላይ የፈላ ውኃ የተደፋባት መሰላት። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከልጃቸው ተቀበሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው» አሉ። «ብሉ እንጂ፣ ብሉ።»

ቁጥሩ አለመሳሳቱን ሁሉም አወቀ፤ ስማቸው ተጠርቷላ።

መኝታ ቤት ሲገቡ ጀላል በሩን ቀስ ብሎ ገርበብ አደረገው። ተቆጥቶ ቢጮህ ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን እንደተጎዳ ሰው ነው የተናገረው።

«ክሊኒክ ተመዝግበሽ ነው? በአባቴ ስልክ?»

«አልተመዘገብኩም።»

«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

«ገጻቸውን አንብቤያለሁ። አንብቤያለሁ እንጂ ስሜንም ቁጥሬንም ለማንም አልሰጠሁ። ልነግርህ ነበር ጀላል። ታይቼ መጥቼ ልነግርህ ነበር።»

«አባቴ ከኔ ቀድሞ ሰማ» አለ ጀላል። ሌላ አልጨመረም፤ ቁልፉን አንሥቶ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ፈትሂያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አገላብጣ አየችው። የድርጅቱን ገጽ ከፈተችው። ከሰላምታው ሥር ያ ክሊኒክ አለ፤ ሐኪሟ ነጭ ጋዋን ለብሳ ፈገግ ብላ ታያታለች። እዚያው የተረሳውን የጀላልን አሮጌ ስልክ አብርታ አየች፤ እዚያም ያችው ሐኪም ናት። ይህ ገጽ በሸሁ ታብሌትም፣ በራሕማ ስልክም ሲታይ ሰንብቷል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባትና እሱኑ ጨብጣ ተነሣች፦ ስልኳን ከሁለት ሳምንት በፊት ያስተካከለችላት ራሕማ ናት። የይለፍ ቃሏን ታውቃለች።

ራሕማ ጓሮ ዕቃ ታጥባለች።

«ስልኬን ከፍተሻል» አለቻት ፈትሂያ።

«ኧረ እታለም!»

«ከፍተሽ ያየሽውን የሆነ ቦታ ሞልተሻል። ካልሆነ በአባ ስም እንዴት ይመጣል?»

«ወላሂ አልነካሁትም! እኔ ምን አገባኝ?» ራሕማ እጇ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እስኪደርቅ ቆማ አለቀሰች። ፈትሂያ አላመነቻትም። ሁለት ቀን አንድ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩ ዋሉ፤ ሸሁ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያዩ የተዝቢሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከፈትሂያ ሱቅ ጎን የንግሥቴ የፀጉር ቤት አለ። ንግሥቴ ሳቂታ ሴት ናት፤ ደንበኛ ባይኖራትም ጨዋታ አያልቅባትም። እሷም «የማማውን» አስገብታለች። ያን ቀን ወንበር ይዛ ፈትሂያ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጠችና ስልኳን እያየች ሳቋን ለቀቀችው።

«ይኸውልሽ ፈትሂያ፣ ይህ የማማው ዋይፋይ መንጃ ፈቃድ ካላወጣሽ ሞቼ እገኛለሁ ብሎኛል። ጠዋት ስከፍተው መንጃ ፈቃድ፣ ስልኬ ላይ መልእክት መንጃ ፈቃድ! እኔ ብስክሌት እንኳን አልነዳሁ።»

«ማን ፈልጎ ነው ታዲያ?»

«ሐረግ ትሆናለቻ፣ ሠራተኛዬ። ሹፌር ካልሆንኩ ብላ ቀኑን ሙሉ የማሠልጠኛዎቹን ገጽ ስታስስ ነው የምትውለው። ያየችው እሷ፣ የሚጠሩት እኔን!»

ንግሥቴ ጨዋታዋን ቀጠለች፤ ፈትሂያ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ውሉ በማን ስም ነው? በንግሥቴ። መልእክቱ የመጣው ለማን ነው? ለንግሥቴ። እጇ ላይ የነበረውን ሜትር አስቀመጠች።

ሁለተኛ በግምት ላለመናገር መሞከር ፈለገች። ያን ዕለት ከሰዓት ቤት ገብታ የጀላልን አሮጌ ስልክ አነሣች፤ ራሕማ ነክታው የማታውቀውን። በሸሁ ዋይፋይ ላይ ሰካችውና ያ ቤት ፈጽሞ የማይፈልገውን ነገር አሰበች፦ ቬሎ። አዲስ አበባ ያሉ የሙሽራ ቬሎ የሚያከራዩ ቤቶችን ገጽ አንድ በአንድ ከፈተች፤ ከአንዱ ወጥታ ሌላው ትገባለች። ቀጥላ ዋይፋዩን አጠፋችና በሞባይል ዳታ የመኪና ጎማ የሚሸጡ ሰዎችን ገጽ እንደዚያው አሰሰች። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ወጣች። ለማንም ምንም አላለች።

እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ ሸሁ ታብሌታቸውን ከፈቱ። ፈትሂያ ሆን ብላ እዚያው በሩ ሥር ልብስ ታጥፋለች።

«ራሕማ!» አሉ ሸሁ። «ይቺ ሙሽራ የማን ናት?»

ራሕማ ሮጣ መጣች። ታብሌቷ ላይ አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ትዞራለች፤ ከሥሯ «የሕልምዎን ቬሎ በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚል አለ። ሸሁ ገና «አዑዙ ቢላህ» ብለው ሳይጨርሱ ስልካቸው ጢው አለ። ራሕማ አነበበችው፤ እየፈራች ነበር።

«ውድ ደንበኛችን ሸህ አሕመድኑር፣ ለሠርግዎ ቀን ደምቀው ይታዩ!»

ፈትሂያ ልብሱን ጥላ እስክታነባ ሳቀች። ሸሁም ራሳቸውን መያዝ አልቻሉም፤ ጺማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጎማ ግን በታብሌቷም፣ በስልኮቹም የትም አልነበረም።

ሳቁ ሲበርድ ፈትሂያ ራሕማን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አፉ በይኝ» አለቻት፣ አባቷ ፊት። «ያለ ጥፋትሽ ከስሼሻለሁ። አንቺን ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ።»

ራሕማ ትንሽ አኮረፈች፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናትና ቶሎ መታረቅ ክብሯን የሚቀንስባት ይመስላታል። «እሺ» አለች ኋላ፣ «ግን ከእንግዲህ ስልክሽን ራስሽ አስተካክይ።»

ፈትሂያ ያደረገችውን ሁሉ ለሸሁ ነገረቻቸው፤ ከክሊኒኩ ጀምራ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ሸሁ አቀርቅረው ሰሟት።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው እንኳን የሰው ቤት፣ የገዛ ዘመዱ ቤት ሲገባ ደጃፍ ቆሞ ሰላም ብሎ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ሳላውቅ በሩን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ። ወረቀቱ የት ነው ያለው?»

ወረቀቱ ከሸሁ ኪታቦች መሀል ተገኘ። ራሕማ መዝገበ ቃላቷን ይዛ ሌሊቱ ሳይገፋ ሦስቱንም ገጽ ጨረሰችው። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ጮኸች። «ደንበኛው የሚጎበኛቸውን ገጾች ድርጅቱ ለንግድ አጋሮቹ ማስታወቂያ ሊጠቀምባቸው ይችላል» ይላል፤ ቀጥሎ በዚያው መስመር፣ «ደንበኛው ይህን በጽሑፍ ካልተቃወመ በስተቀር።»

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም የድርጅቱ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው አለምነው ይባላል፤ የወግዲ ልጅ ነው፤ ሥራውን የሚወድ ወጣት። ሸሁን ሲያይ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ፈትሂያ የመጣችበትን ባጭሩ ነገረችው፤ ክሊኒክ የሚለውን ሳትጠቅስ።

«እኛ የማንንም ምሥጢር አናነብም» አለ አለምነው። «ሥርዓቱ ያለው ደሴ ነው። የከፈታችሁትን ገጽ አድራሻ ብቻ ነው የሚያየው፤ ውስጡ ምን እንዳደረጋችሁ አያውቅም።»

«አድራሻው አይበቃም?» አለች ፈትሂያ። «ደጃፍህ ተቀምጬ ሐኪም ቤት ስትገባ ካየሁህ፣ ሽማግሌ ቤት ስትገባ ካየሁህ፣ ፍርድ ቤት ስትገባ ካየሁህ፣ ውስጥ ያወራኸውን ባልሰማስ? ከዚያ ዞሬ ለአባትህ ደብዳቤ ብጽፍላቸውስ?»

አለምነው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ውሉ ላይ ግን መቃወም ይቻላል ይላል» አለ።

«በእንግሊዝኛ ይላል» አለች ራሕማ። «የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፤ ማታ ፈልጌ አነበብኩት። እዚያ ላይ ፈቃድ ማለት ሰው አውቆ የሚሰጠው ነው ይላል። አባ ምን አውቆ ሰጠ?»

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለ አለምነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን አንቀጽ እኔም ዛሬ ነው በደንብ ያነበብኩት። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው የለም። አሁን አንድ መስመር ጻፉልኝና የእናንተን ቤት ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ። ብቻ በከተማው ባይወራ...»

ፈትሂያ መስመሩን ጻፈች፤ ሸሁ ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ከማቀበሏ በፊት ያዝ አደረገችው።

«ለቤታችን ስላደረግህ አላህ ይስጥልን። ሁለተኛው ያልከው ግን አይሆንም። አወራዋለሁ።»

ከቢሮው ሲወጡ ጭጋጉ ገና ከኮረብታው አልተነሣም፤ ማማው ወገቡ ድረስ ብቻ ይታያል። ሸሁ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሲሄዱ ቆይተው፣ «እኔ ጁሙዓ ላይ ልናገር እችላለሁ» አሉ። «ምን ልበል ግን? የአንቺን ነገር አላወጣም።»

«የሙሽራዋን ይንገሯቸው አባ።»

ሸሁ የሙሽራዋን ነገሯቸው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ቅጥር ውስጥ ቆመው፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ቬሎ ሊያከራዩዋቸው ስለመጡት ሰዎች ሲናገሩ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። «ሳቁ» አሉ ሸሁ፣ «እኔም ስቄያለሁ። ነገ ግን የእናንተን ሚስት ሕመም፣ የእናንተን ልጅ ጭንቀት ይዘው ደጃፋችሁ ሲቆሙ አትስቁም።» ራሷን ችላ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው ሴቶቹ ካሉበት በኩል፣ «እኔ ቤት ደርሶ ነበር» አለች፣ ከዚያ በላይ ግን ምን እንደደረሰ አልተናገረችም። የጠየቃትም የለም።

ፈትሂያ ግማሽ ገጽ የሚሆን ማመልከቻ በአማርኛ አዘጋጅታ ጽሕፈት ቤት አስተየበችው፦ «እኔና ቤተሰቤ የምንከፍታቸውን ገጾች ለማስታወቂያ እንዳትጠቀሙባቸው፣ ስለነሱም መልእክት እንዳትልኩ እቃወማለሁ።» ከሥሩ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። ሱቋ የፊርማ ቦታ ሆነ። ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ፈርሞ ይሄዳል፤ ሊፈርም የመጣውም አንዳንዴ ጨርቅ ገዝቶ ይሄዳል። ንግሥቴ ደግሞ ፀጉር ሊሠሩ የመጡትን ሴቶች ፀጉራቸው ተጠቅልሎ፣ የማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው መንቀሳቀስ በማይችሉበት ሰዓት ታስፈርማለች። ጽዋ ማኅበሯም ወስዳው ሠላሳ ፊርማ ይዛ መጣች። «እኔ ቁርኣን ላቀራ አልችል፣» አለች፣ «በዚህ እንኳን ከሸሁ ልስተካከል እንጂ።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሦስት መቶ ከሚበልጡት ደንበኞች ሁለት መቶ አርባው ፈረሙ። ፈትሂያ አንድ ቅጂ ለራሷ አስቀርታ ዋናውን ለአለምነው ሰጠችው፤ ቅጂው ላይ መቀበሉን አስፈርማና ማህተም አስመትታ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ከደሴ አንድ ሰው ደወለላት። የአካባቢው ሥራ አስኪያጅ ነኝ አለ። በጣም ትሁት ነበር። ለእነሱ ቤት ዓመቱን ሙሉ ዋይፋዩ በነፃ እንዲሆን ድርጅቱ ወስኗል፣ «እናንተ ደግሞ ይህን ነገር ብታረግቡልን» አላት።

«ወንድሜ፣ ነፃ አልጠየቅንም» አለችው። «የወሩን እየከፈልን እንቀጥላለን። እናንተ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ይኸው ነው።»

«ሁሉንም ደንበኛ መጠየቅ ከባድ ነው እኮ።»

«እኔ በሁለት ሳምንት ጠይቄያቸዋለሁ። ከባድ አይደለም።»

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተደዋወሉ፤ አንዴ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፣ ራሕማ የአዋጁን አንቀጽ ከነቁጥሩ አስገብታበት። ወሩ ሲያልቅ አለምነው ራሱ አዲስ ውል ይዞ ሱቋ መጣ። በአማርኛ ነው፤ ፊደሉም ይነበባል። መጨረሻው ላይ ባዶ ሳጥን አለ፦ «የምከፍታቸውን ገጾች ለማስታወቂያ ብትጠቀሙ ፈቅጃለሁ።» ምልክት ካላደረጉበት አልፈቀዱም ማለት ነው። ለተቃወሙት ሁለት መቶ አርባ ብቻ ሳይሆን ለመካነ ሰላም ደንበኛ ሁሉ ክትትሉ ቆሟል።

«ከላይ ተቆጥተውብኝ ነበር» አለ አለምነው። «አሁን ግን አዲስ የሚገቡት በዝተዋል። ሰው ውሉን አንብቦ ሲፈርም ደስ ይለዋል መሰለኝ።»

ጀላል በዚያ ሁሉ መሀል ብዙ አልተናገረም። ማመልከቻውን በሚኒባሱ ለገጠር ቀበሌዎች ያደረሰ ግን እሱ ነው። ደሴ አብረው የወረዱ ቀን፣ ተሳፋሪዎቹን አቀስታ ላይ ለሻይ አውርዶ ሁለቱ ጋቢና ውስጥ ቀሩ።

«እኔ የተጎዳሁት በክሊኒኩ አይደለም» አላት መሪውን እየነካካ። «ብቻሽን ልትሄጂ ማሰብሽ ነው። ችግሩ ከኔም ሊሆን ይችላል እኮ።»

«አውቃለሁ። ገጹ ላይ አንብቤዋለሁ» አለችና ሁለቱም ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ ምን ይባላል፣ መጨረሻው ግን ደግ ሆነ። መልእክቱ ባይመጣ ይህን አናወራም ነበር።»

ፈትሂያ ወደሱ ዞረች። «አይደለም ጀላል። አወራህ ነበር። በኔ ቀን፣ በኔ አፍ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሁሉ አስቤ ነበር። ደግ ቢሆንም ባይሆንም መንገሩ የኔ ነበር።»

ጀላል እጇን ያዘ። «ምን ብለሽ ልትጀምሪ ነበር?»

ነገረችው። የነገረችውን እዚህ መጻፍ አይገባም፤ እሱ ግን ተሳፋሪዎቹ መጥተው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ እጇን አለቀቀም። ክሊኒኩ ሁለቱንም መረመረ። ሐኪሟ ለሁለቱም መድኃኒት ጻፈችላቸው፤ የሚታከም ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ አለቻቸው። ሲመለሱ ሸሁ ምንም አልጠየቋቸውም። ፈትሂያ ራሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ነገረቻቸው፤ ሸሁም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉላት።

ወግዲና አጅባር ያሉት የዚያው ድርጅት ደንበኞች ግን አሁንም በድሮው ውል ላይ ነበሩ። ከአጅባር ሁለት ሴቶች ደወሉላት። ከወግዲ ደግሞ የአለምነው አክስት እትዬ የሻለም፣ «ያቺን ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ሴቶቹን እኔ ቤት እሰበስባለሁ» አሏት። ፈትሂያ ሱቋን ለግማሽ ቀን ለንግሥቴ አደራ ብላ፣ ራሕማን ይዛ በጀላል ሚኒባስ ሄደች።

እትዬ የሻለም ቤት ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ራሕማ ቆማ አንቀጽ አሥራ አራትን በአማርኛ አነበበችላቸው። ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ የሻለም በሰባ ሁለት ዓመታቸው ስልክ የያዙት አረብ አገር ያሉትን ሴት ልጆቻቸውን ለማየት ነው፤ ሌላ ነገር ከፍተው አያውቁም።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ። «እኔ የልጆቼን ፊት ብቻ ነው የማየው። ምን አገኛለሁ ብሎ ነው የሚከታተለኝ?»

«ምንም ላያገኝ ይችላል እትዬ» አለች ፈትሂያ። «ቢሆንም መጀመሪያ እርስዎን መጠየቅ አለበት።»

«አልጠየቀኝም እኮ!»

«አልጠየቀዎትም።»

እትዬ የሻለም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እጃቸውን ለራሕማ ዘረጉ።

«ወዲህ በይው እስክሪብቶውን» አሉ። «ስሜን ራሴ ነው የምጽፈው፤ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ።»